የትኛው ወይራ ውሃ?

ባለፈው ክረምት መካነ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ልገባ ስል ረዳቱ፣ "የት ነሽ እህቴ?" አለኝ።

"ወይራ ውሃ።"

በሩን እንደያዘ ጥቂት አሰበና፣ "የትኛው ወይራ ውሃ?" አለ።

ይህን ጥያቄ ስሰማ ዛሬም መልሱን እያወቅሁት አፌ ላይ ይዘገይብኛል። ረዳቱ ትዕግስቱ አለቀና፣ "ግቢ፣ ግቢ፣ መንገድ ላይ ትነግሪኛለሽ" ብሎ አስገባኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የወተት ቅል ታቅፈዋል። መኪናው ሲነቀንቃቸው ክዳኑ ላላ አለና በወይራ ጭስ የታጠነ ቅል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ስለ መንገዱ ብልሽት ሲያወሩኝ እሺ፣ እሺ እላለሁ እንጂ አልሰማቸውም። ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ውስጥ ነበርኩ።

የእኛ ወይራ ውሃ ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል ሥር የሚፈልቅ ቀጭን ወንዝ ነው። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን እንሻገረዋለን። በክረምት ግን መልኩ ደፍርሶ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ሌላ ወንዝ ይሆናል። መንደሩም የሚጠራው በወንዙ ስም ነው። ወይራ የሚባል ዛፍ ግን በአካባቢው አልነበረም። አንድ ቀን አያቴን፣ "አባባ፣ ወይራው የታለ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ውሃው ወሰደው" አለኝና ሥራውን ቀጠለ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዙን ፈራሁት። ዛፍ ከነሥሩ የወሰደ ውሃ ሰው ቢወስድ ምን ይገርማል? ደግሞም ወስዷል ብዬ አምን ነበር። እናቴ ዓረብ አገር ስትሄድ ያንን ወንዝ ተሻግራ፣ ከወዲያኛው ዳገት ላይ እጇን አውለብልባልኝ ነው የጠፋችው።

ቤት ውስጥ የቀረነው አያቴ ይመር፣ የእናቴ ታናሽ እህት ብርቄ እና እኔ ነን። አባቴ እኔ ሳልድህ ስለሞተ አላስታውሰውም። እናቴ የሺ የሄደችው ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ነበር። "የት ናት?" ስላቸው፣ "ማዳም ቤት" ይሉኛል። የጎረቤታችን ልጅም ማዳም ቤት ነበረች። የክፍሌ ልጆች እናቶችና እህቶችም ማዳም ቤት። ስለዚህ ማዳም አንዲት ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ። ቤቷ ከመካነ ሰላም ከተማ የሚሰፋ፣ የአገራችን ሴቶች በየክፍሉ ሲጠርጉ የሚውሉበት ቤት። ይሄ ሁሉ ሰው ጠርጎላት የማይጠራላት ምን ያለች ዝርክርክ ብትሆን ነው እያልኩ እገረም ነበር።

መንደራችን ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ስልክ የሚሠራው እዚያ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችንም ወደ ድንጋዩ እንወጣለን። አባባ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ከሸሚዙ ሥር ነው የሚይዘው። ሲያወጣው ሞቅ ብሎ የእርሱን ላብ ይሸታል። የእናቴ ድምፅ ከንግግሬ ኋላ እየቀረ ይመጣል። "ደህና ነሽ?" ስላት ዝም። ሌላ ነገር ስጀምር፣ "ደህና ነኝ ልጄ" ትላለች። እዚያ ያለው ጊዜ ከእኛ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ስልኩ ዝም አለ። መጀመሪያ ላይ "ዝናቡ ኔትወርኩን አበላሽቶት ነው" ተባለ። ቀጥሎ "ማዳም ይዛት ሌላ አገር ሄዳ ይሆናል" አሉ። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲጋመስ ምክንያት የሚያወጣ ሰው ጠፋ። አባባ እሑድን መጠበቅ ትቶ በየቀኑ ወደ ድንጋዩ መውጣት ጀመረ።

አንድ የገበያ ቀን በግ ሊሸጥ መካነ ሰላም ሄዶ በጉን እየነዳ ተመለሰ። ገበያው ገና በሚደምቅበት ሰዓት ነበር። በጉን ሳያስረው ለቀቀውና ብርቄን ወደ ጓሮ ጠራት። እኔ ድንች ማሳው ውስጥ አረም እየነቀልኩ ስለነበር አላዩኝም።

"ከዓረብ አገር የተባረረች አንዲት ልጅ ናት አሉ" አለ አባባ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ወደ አገሯ ስትሄድ ደሴ ላይ ለአንድ የእኛ አገር ሾፌር ነገረችው። ገበያው በሙሉ ይሄንኑ ነው የሚያወራው።"

"ምን ብላ ነገረችው?"

"ዘሀራ የምትባል፣ የዚሁ የእኛ ቦረና ልጅ፣ የወይራ ውሃ ልጅ... ሪያድ ሆስፒታል ውስጥ አርፋለች ብላ።"

እኔ እፎይ አልኩ። ስለ እናቴ ሊያወሩ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ዘሀራ የምትባል ሰው ደግሞ አላውቅም። ብርቄ ግን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ጩኸቷ ሊወጣ ሲል አባባ ትከሻዋን ይዞ ወዘወዛት።

"እንዳትጮሂ! ማን ሞተና ነው የምትጮሂው? ወይራ ውሃ የሚባል አገር እኛ ብቻ ነን? በወዲያ በኩል፣ ከቆላው አፋፍ ላይ ሌላ ወይራ ውሃ አለ። ዘሀራ የሚባልስ ስንት አለ! ወላሂ እዚህ ቤት እንባ የሚያፈስ ሰው ከእኔ ጋር አይኖርም።"

ብርቄ እግሬን ስታጥበኝ ነው የተረዳሁት። "ደላላው ነው" አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ። "በክርስቲያን ስም ቶሎ አትሄጂም ብሎ ፓስፖርቷ ላይ ዘሀራ አስባላት። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ በዚያ ስም ነው የሚያውቃት።"

"ታዲያ የሺ የማን ስም ሆነ?"

"የእሷ ነዋ።"

"ዘሀራስ?"

ብርቄ ውሃውን ደፍታው ገባች። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። አንዲት እናት ሁለት ስም ካላት፣ የሺ የእኔ እናት ስትሆን ዘሀራ ደግሞ የሌላ ልጅ እናት ትሆናለች ማለት ነው? የሞተችው ዘሀራ ብቻ ብትሆንና የሺ ብትቀርስ? ይህን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

በማግስቱ የቅሬው ሰዎች፣ በለቅሶና በቀብር የምንረዳዳቸው ጎረቤቶቻችን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አባባ በሩ ላይ ቆመ። "ነጠላችሁን አስተካክላችሁ ከሆነ ግቡ። ለጨዋታ ከሆነ ቤታችሁ ነው" አላቸው። ሰዎቹ ተያዩ። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ማንም ማንንም አያይም ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባባን የሚያስቀምጠው ነገር ጠፋ። ቤቱን ዙሪያውን የሚከበውን የጎርፍ ቦይ ይቆፍራል፤ የቆፈረውን ይደፍናል፤ ደግሞ ይቆፍራል። ደህና የቆመ አጥር ነቅሎ ያጥራል። እህል ቀርቦለት ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ተነስቶ ወደ ድንጋዩ ይወጣል፤ እኔም እከተለዋለሁ። በእናቴ ቁጥር ሲደውል አንዲት ሴት በዓረብኛ ታወራለች፤ ሁልጊዜ ያንኑ ነገር፣ ሁልጊዜ በዚያው ድምፅ። ማዳም መሰለችኝ። ስልኩን አንስታ እናቴን አላገናኝም እያለች ነው ብዬ አመንኩ። አንድ ቀን ስልኩን ከእጁ ነጥቄ፣ "ማዳም! እናቴን ስጪን! እኛ ያለችን አንድ ናት፣ አንቺ ብዙ ሰው አለሽ!" ብዬ ጮህኩባት። አባባ ስልኩን ቀስ ብሎ ተቀበለኝና ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ።

"ነገ ወዲያኛው ወይራ ውሃ እንሄዳለን" አለ ሲገልጠው።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። በጉም ውስጥ ወጣን። ብርቄ የሣር ገሳ አለበሰችኝ፤ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ አድርጌያለሁ፤ ጭቃው እያጣበቀ ያወልቅብኛል። መካነ ሰላም ስንደርስ እህል የጫነ አይሱዙ አገኘንና ከጆንያዎቹ ላይ ተቀመጥን። ከዚያም ወርደን በእግራችን ቁልቁል ተጓዝን። መንገዱን በሙሉ እያሰብኩ ነበር። ስሙ አንድ ከሆነ እዚያም የእኛው ዓይነት ገደል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ የጎርፍ ቦይ የሚቆፍር አያት፣ ብርቄ የምትባል አክስት አለች። እንደ እኔ ስንዱ የምትባል ልጅም አለች። ስንገናኝ የምላትን ተለማመድኩ። ደግሞ ፈራኋት። እናት አንድ ብቻ ብትሆንስ?

"አባባ፣ ወንዞቹ ይገናኛሉ?"

"የት ይገናኛሉ! እነሱ በወዲያ ይወርዳሉ፣ እኛ በወዲህ።" ጥቂት ሄደና፣ "ዓባይ ላይ ካልሆነ" አለ።

ያኛው ወይራ ውሃ የእኛን በምንም አይመስልም። ወንዙ ሰፊና ድንጋያማ ነው፤ ከዳገቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን መስጊድ ነው። ወንዙ ዳር አንድ የጎበጠ ወይራ ቆሟል። እዚህ ውሃው አልወሰደውም ብዬ ቆሜ አየሁት። አባባ ዓረብ አገር የሄደች ዘሀራ የምትባል ልጅ አለች ወይ ብሎ ሲጠይቅ ቤቱን አሳዩት። በሩ ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ቆመዋል፤ እማማ ፋጡማ ናቸው።

"ቤቶች፣ ደህና ዋላችሁ?" አለ አባባ።

"አልሐምዱሊላህ። ግቡ፣ ከዝናቡ ግቡ።"

ገባን። አባባ ስለ መንገዱ አወራ። ስለ ጉሙ አወራ። ስለ ዋጉ፣ ስለ ገብሱ። አፉ ይንቀሳቀሳል እንጂ የመጣበትን አይናገርም። እማማ ፋጡማ በወይራ የታጠነ ቅል አንስተው ወተት በጣሳ ቀዱልኝ። ሽታው ቤቱን ሞላው። አባባን ስመለከት እሳቸው ቀድመው፣ "ውይ፣ ፍልሰታ ነው ለካ! አእምሮዬ የት አለና" ብለው ወተቱን መለሱና የገብስ ቆሎ ሰጡኝ። ገብሱን እየቆረጠምኩ ቤቱን ዙሪያውን አየሁ።

"እዚህ ስንዱ የምትባል ልጅ የለችም?" አልኳቸው።

"የለችም ልጄ። እኛ ቤት ሴት ልጅ ዘሀራ ብቻ ነበረች።" ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። "ናት" አሉ። "ዘሀራ ብቻ ናት።"

አባባ ቀና ብሎ አያቸው።

"አንቱ አያ ይመር ነዎት" አሉ እማማ ፋጡማ።

"ማን ነገረዎት?"

"ልጄ ሰይድ። ገበያ ሰምቶ መጣ። በወዲያ ያለው ወይራ ውሃ የይመር ልጅ ዓረብ አገር ናት፣ እዚያ ስሟ ዘሀራ ነው ብለውታል። ዛሬ ማለዳ ወደ አንቱ ቤት ሄደ። መንገድ ላይ ተላልፋችኋል።"

"ምን ሊለኝ?"

"አንቱ እኔን ምን ሊሉኝ መጡ?"

እማማ ፋጡማ ከአባባ ፊት ለፊት በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ልጃቸው ከመሄዷ በፊት ካፌ ውስጥ ስትሠራ የነበረች፣ ያላገባች፣ ሳቋ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ልጅ መሆኗን ነገሩን። እሷም ከሰኔ ወዲህ አልደወለችም።

"አያ ይመር፣ ሌላውን ተዉት፣ ሶላቴ ተበላሸብኝ" አሉ። "እጄን ዘርግቼ ያ አላህ ልጄን አትርፍልኝ እላለሁ። እላለሁና ደሞ፣ ታዲያ የማን ልጅ ትሙት ነው የምለው እላለሁ። አፌ ይያዛል። ዱአዬ እጄ ላይ ይቀራል።"

"እኔም" አለ አባባ። ድምፁ የሽማግሌ አልነበረም፤ የልጅ ነበር። "ውዳሴ ማርያም ሲደገም ቆሜ እሰማለሁ። ልጄን ልል እጀምራለሁ፤ እመቤቴ የምታየኝ ይመስለኛል። ትቼ እወጣለሁ።"

ሁለቱም መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ እማማ ፋጡማ ቃል እንግባ አሉ። ከሁለቱ አንዱ የልጁን ድምፅ ቢሰማ ሰው አይልክም፣ ስልክ አይደውልም፣ በወሬ አያስነግርም። ራሱ በእግሩ መጥቶ ይናገራል።

"ከአፍዎ ልስማው" አሉ። "አንቱም ከአፌ ይስሙት። ገበያ ላይ ደግሞ ሁለተኛ እንዳንሰማው።"

አባባ እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ። ምን ላይ እንደተስማሙ አልገባኝም፤ የገበሬ ሽርክና መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ከበፊቱ ባሰ። ቀድሞ አባባ ስልኩ እንዲጮህ ብቻ ነበር የሚፈልገው። አሁን ግን ወደ ድንጋዩ ይወጣና ስልኩን ካወጣ በኋላ ጀርባውን ይሰጠዋል። ከወንዙ ማዶ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ተነስቶ ይቆማል። እማማ ፋጡማ መጡ ብሎ ነው። የሚመጡ ከሆነ ደግሞ የሚመጡት ለምን እንደሆነ ያውቃል። ብርቄ ወጥ ስትሠራ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። እኔም ቤት አልቀመጥም፤ ወንዙ ዳር ሄጄ ድንጋይ እወረውርበታለሁ።

ቡሄ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ድንጋዩ ላይ ሳለን ስልኩ ጮኸ። የማናውቀው ቁጥር ነበር። አባባ ቁጥሩን ትክ ብሎ አየው።

"አንሳው እንጂ አባዬ!" አለች ብርቄ።

አነሳው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝ።

"አባዬ? አባዬ ትሰማኛለህ?" ይላል ስልኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "አንቺ የሺ ነሽ ወይስ ዘሀራ?"

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያለየለት ድምፅ መጣ። "የሺ ነኝ! እናትሽ ነኝ ስንድዬ!"

ነገሩ ሲጣራ ማዳም ስልኳን ቀምታ ሌላ ከተማ ወዳሉ ዘመዶቿ ቤት ወስዳት ነበር። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። አሁን ጎረቤት የምትሠራ ልጅ በግንብ ላይ ስልኳን አቀብላት ነው የምትደውለው። በሪያድ ስለሞተችው ዘሀራ ምንም አልሰማችም። ብርቄ ስልኩን ተቀብላ እያለቀሰች አወራቻት። መስመሩ ሲቋረጥ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ እልልታዋን ልትለቀው ስትል አባባ ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ዝም በይ! እልልታ እንዳይሰማ!"

"አባዬ፣ ልጅህ እኮ ናት! ልጅህ በሕይወት አለች!"

"አለች። ተመስገን፣ አለች።" ይህን ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። በዚያ ክረምት ያን ጊዜ ብቻ ነው ሲያለቅስ ያየሁት። እኔ ግራ ገባኝ። ሞታለች ሲባል ያላለቀሰ ሰው አለች ሲባል እንዴት ያለቅሳል? "አሁን ያቺን ሴት ማን ይነግራታል?" አለ በመጨረሻ።

"ሰው ላክ። ዘመድ ጋ ደውል። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።"

"እጄን ሰጥቻታለሁ።"

በማግስቱ ማለዳ ዱላውን ይዞ ወጣ። ብርቄ አትሄጂም ብትለኝም ገሳዬን ደርቤ ተከተልኩት፤ እናቴ መገኘቷን እኔ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። አይሱዙ ላይ ሰዎች አባባን ደህና አደርክ ሲሉት ራሱን ብቻ ይነቀንቃል።

እማማ ፋጡማን ወንዙ ዳር አገኘናቸው። ጄሪካን እየሞሉ ነበር። ከዳገቱ ስንወርድ ቀና ብለው አዩን። ጄሪካኑን ውሃው ውስጥ እንዳለ ለቀቁትና ቀጥ ብለው ቆሙ። ጄሪካኑ ተንሳፎ ሄደ፤ አልተመለከቱትም። እየቀረብን ስንሄድ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲዘጋ አየሁ። በመምጣታችን ብቻ አውቀውታል።

አባባ ፊታቸው ደርሶ ቆመ።

"ድምጿን ሰሙት?" አሉት።

"ሰማሁት።"

"በጆሮዎ?"

"በጆሮዬ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ጎንበስ ብለው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እጃቸው ከወንዙ ውሃ የተነሳ በረዶ ሆኖ ነበር። "እናትሽ ደህና ናት። እሰይ! አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናት።" ልነግራቸው የነበረውን እሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ። አባባም ጎናቸው ተቀመጠ። ውሃው ጫማውን ያረጥበው ነበር፤ እግሩን አልሰበሰበም።

ሰይድ እየሮጠ መጣ። ረጅም ነው፣ እናቱን ይመስላል። ሁለቱን ሲያይ ገባው፤ ግን አልተቀበለውም። "ሌላም ወይራ ውሃ አለ" አለ። "ወረኢሉ በኩል አለ አሉኝ። ኩታበር በኩልም አለ። ቦረና ያለችው ተሳስታ ቢሆንስ? እሄዳለሁ፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ!"

"ተው ሰይድ" አሉ እማማ ፋጡማ።

"እማ፣ ገና አልታወቀም እኮ!"

"አንድ ቤት አንኳኩቻለሁ፤ ይበቃኛል። የሌላ እናት ደጅ ሄደህ፣ ልጅሽ ሞታ ይሆን እንዴ፣ አትበልብኝ።"

ሰይድ አልሰማቸውም። በዚያው ቀን ወጣ። ኋላ እንደነገረን ወረኢሉ ወርዶ አንድ ወይራ ውሃ አገኘ፤ ሰው የሌለበት፣ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ብቻ ነበር። ከደሴ አልፎ ኩታበርም ሄደ። እዚያም ወይራ ውሃ የሚባል መንደር አሳዩት፤ ከመንደሩ ዳር ደርሶ ሕፃን አዝላ በር ላይ የቆመች ሴት ሲያይ እግሩ አልራመድ አለው። ሳይጠይቅ ተመለሰ። ቤቱ ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ከዘሀራ ጋር አንድ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ልጆች ደውለው ታማ መተኛቷንም፣ ማረፏንም፣ እዚያው መቀበሯንም ለአጎቱ ነግረውታል።

የእኛ ቅሬ ለቅሶ ለመድረስ ሲወጣ ጉሙ ገና አልተነሳም። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች። አባባ ከፊት ነበር። እዚያ ስንደርስ የመንደሩ ሰዎች ማን ናቸው ብለው ወጡ። "ወይራ ውሃዎች ነን" አለ አባባ። አንድ ሸህ ተነስተው እጁን ይዘው አስገቡት። ብርቄ የማታውቃትን ልጅ ስሟን እየጠራች ስታለቅስ ሰዎች እህቷ መስላቸው ነበር። ዘሀራ፣ ዘሀራዬ ስትል እኔ ደነገጥኩ። ያ ስም በእኛ ቤት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ስም ነበርና፣ እንደዚያ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ሶደቃው፣ የዘሀራ የሙት መታሰቢያ ድግስ፣ በወጣ ቀን እኔና አባባ ደግሞ ሄድን። ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ከፍታ ላይ ኔትወርክ አለ። እናቴ ደወለች፤ አባባ የት እንዳለን ነገራት። "ስጠኝ፣ እኔ ላናግራቸው" አለች። እማማ ፋጡማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

"ማን ልበል?" አሉ።

እናቴ እዚያ በለመደችው ስም መለሰች መሰለኝ። እማማ ፋጡማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የለም፣ የለም። እናትሽ ያወጣችልሽን ንገሪኝ... የሺ። የሺዬ። ስሚኝ። ዘሀራን እኔ አልቅሼ ቀብሬያታለሁ። ያንን ስም እዚያው ተይው፣ ይዘሽው እንዳትቀሪ። የሺ ሆነሽ ግቢ። ልጅሽ እዚህ ናት፣ አጠገቤ ናት። እሺ በይኝ።" ጠበቁ። "እሺ በይኝ" አሉ ደግመው። ከዚያ ስልኩን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ።

እናቴ የመጣችው በተከታዩ ዓመት፣ ጤፉ ሲያሸት ነው። ከመካነ ሰላም ወደ እኛ አልመጣችም፤ መጀመሪያ ወደ እማማ ፋጡማ ቤት ነው የወረደችው። እኛም እዚያ ሄደን ጠበቅናት። ከዳገቱ ላይ ጥቁር ልብስ የለበሰች፣ ወፈር ያለች ሴት ብቅ አለች። ሻንጣዋን ሰይድ ተሸክሞላታል። አላወቅኋትም። ብርቄም ጠረጠረች እንጂ እርግጠኛ አልሆነችም፤ አባባ ደግሞ ዓይኑ ደክሞ ነበር። ሁላችንም እዚያው በር ላይ ተገትረን ቀረን።

አንድም ቀን አይተዋት የማያውቁት እማማ ፋጡማ ከመሃላችን ወጡ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሳቋ ከወንዙ ማዶ ይሰማ የነበረውን ልጃቸውን ይጠሩበት በነበረው ድምፅ፣ "የሺ!" ብለው ተጣሩ።

ሴትዮዋ ሮጠች።